መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ቤት፦ በድሬዳዋ በግል ለሚሠሩ ባለሙያዎች የጋራ የሥራ ቦታ ማቋቋሚያ ዝርዝር መመሪያ

በድሬዳዋ «ተሰባስበን የምንሠራበት ቤት እንክፈት» ብለው የተነሱ ሦስት ስብስቦችን በቅርብ አውቃለሁ፤ አንደኛው የእኔው ነበር። ሦስቱም የፈረሱት በአንድ መንገድ ነው። ቤት ተከራዩ፣ ጠረጴዛ ገዙ፣ ባነር ሰቀሉ፣ ከዚያ ሰው ጠበቁ። በመክፈቻው ቀን ወንበር ጠፍቶ ሰው ቆሞ ነበር። በሦስተኛው ወር በሩን የሚከፍተውም፣ የሚጠርገውም፣ ኪራዩን ከኪሱ የሚሞላውም ያው አንድ ሰው ሆኖ ቀረ።

ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ቤት የምትከራዩት ደረጃ 6 ላይ ስትደርሱ ነው። እስከዚያ ሦስት ወር ያህል ይወስዳል። ችኮላ የሚይዛችሁ ከሆነ አሁኑኑ ተዉት፤ ገንዘባችሁ ይተርፋል።

ከመነሳታችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሦስት አስተባባሪዎች፣ ሙያቸው የተለያየ። ሁለት ከሆናችሁ ስትጣሉ የሚዳኝ አይኖርም። ሦስታችሁም ግራፊክስ ሠሪዎች ከሆናችሁ ደግሞ የምትሰበስቡት ግራፊክስ ሠሪ ብቻ ይሆናል።
- አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር። በስልክ የተያዘ መዝገብ ከስልኩ ባለቤት ጋር ይጠፋል።
- በሳምንት ሁለት ነፃ ጠዋት፣ ለሦስት ወር።
- የባጃጅና የሻይ ገንዘብ። ከዚህ ሌላ ምንም አታውጡ።

ደረጃ 1፦ ሠላሳ ስም መዝግቡ

በየካፌው ላፕቶፕ ዘርግተው የሚታዩት ጥቂቶቹ ናቸው። ብዙዎቹ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከእናታቸው ሳሎን ጥግ የሚሠሩ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ከወንድማቸው ሱቅ ጀርባ ጠረጴዛ ያላቸው፣ ወይም በፎቶ ቤት ኮምፒውተር ላይ በተራ የሚቀመጡ ናቸው። ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሴቶችን በካፌ አታገኟቸውም፤ በሰው በሰው ፈልጉ። ማተሚያ ቤቶች ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ንድፍ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ያውቁታል።

ከሠላሳው ስም ውስጥ ከአንድ ሙያ ከስምንት ሰው በላይ አትያዙ። ተርጓሚ፣ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ፣ ፎቶ አንሺ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ሶፍትዌር ሠሪ፣ ልብስ ነዳፊ፣ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ይኑሩበት። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የሚጽፉ ሰዎች መኖራቸውን አረጋግጡ። ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ። «ቦታ ብንከፍት ትመጣለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የድሬ ሰው ፊት ለፊት አያሳፍራችሁም፤ «ወላሂ እመጣለሁ» ይላል፣ ሻዩንም ይከፍልላችኋል። ስለሚሆነው ሳይሆን ስለሆነው ጠይቁ፦

1. ትናንት የት ቁጭ ብለህ ሠራህ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት?
2. ባለፈው ወር ለኢንተርኔት ስንት አወጣህ?
3. መብራት ጠፍቶ ወይም ቦታ አጥተህ ያለፈህ ሥራ አለ?
4. አንተ የማትችለው ሥራ ሲመጣ ለማን ሰጠህ?

መልሱን እዚያው ጻፉ። አራተኛውን ጥያቄ በደንብ አድምጡ፤ «ለማንም አልሰጠሁም፣ መለስኩት» የሚለው ሰው ለስብስቡ እጅግ የሚያስፈልገው ነው።

ስሙ ከአሥራ አምስት ካነሰ፦ ወደ ደረጃ 2 አትሂዱ። ሌላ ሁለት ሳምንት ፈልጉ። አሁንም ካልሞላ ባላችሁት ሰው አንድ ቋሚ የሳምንት ጠረጴዛ በሆነ ካፌ ያዙና እዚያው ቆዩ፤ እሱም ነውር የለበትም።

ደረጃ 2፦ የሥራ ሰዓቱን በከተማዋ ሙቀት ልክ ቁረጡ

እኔ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት» ብዬ በወረቀት አትሜ በር ላይ ለጠፍኩ። ሚያዝያ ነበር። ሰኔ ላይ የነበረውን ከሰዓት አሁንም አስታውሰዋለሁ፦ 8 ሰዓት ሆኗል፣ ቬንትሌተሩ ከላይ ይዞራል፣ የሚያወርደው ግን የቆርቆሮውን ትኩሳት ነው። የቪዲዮ አቀናባሪው ላፕቶፕ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ባለቤቱ ከሥሩ ሁለት የጠርሙስ ክዳን አስገብቶ ከፍ አድርጎታል፣ አየር እንዲያገኝ። እጁን ከጠረጴዛው ሲያነሳ የክርኑ ላብ ቅርጽ ይቀራል። ከዚያ ተነሳና ምንም ሳይናገር ሄደ። በማግስቱ ጠዋት እንጂ ከሰዓት አልመጣም፤ ከርሞም አልመጣም።

ድሬዳዋ ቀትር ላይ ትዘጋለች። ሱቁም ይዘጋል፣ ሰውም ወይ ይተኛል ወይ በርጫ (ጫት ለመቃም) ይቀመጣል። ከዚህ ጋር አትታገሉ። ሰዓቱን ሁለት ቦታ ቁረጡት፦

- ጠዋት፦ ከ1፡30 እስከ 6፡30። ከባዱ ሥራ፣ የስልክና የቪዲዮ ስብሰባ፣ ደንበኛ መቀበል።
- ማታ፦ ከ10፡30 እስከ 3 ሰዓት። ቅንብር፣ ትርጉም፣ ከውጭ አገር ደንበኛ ጋር የሚደረግ ንግግር።

መሐሉን ዝጉት። መብራትም ሠራተኛም ትቆጥባላችሁ። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ምንም ስብሰባ አትጥሩ። በረመዳን የማታውን ሰዓት ከፍጥር በኋላ አድርጉት፤ በዓቢይ ጾም ደግሞ ቡና ስታፈሉ ከጎኑ የሚቀርበውን አስቡበት።

ሐረር ላይ ለምታቋቁሙ ይህ ደረጃ በአብዛኛው አይመለከታችሁም፤ ሙቀቱ እንደ ድሬዳዋ አይከብድም። የእናንተ ጣጣ ሌላ ነው፣ ደረጃ 7 ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 3፦ በሰው ቤት ለስምንት ሳምንት ሥሩ

ኪራይ የሌለበት ቦታ ፈልጉ። ቁርስ ካነሳ በኋላ ባዶውን የሚቀር የሆቴል አዳራሽ፣ ፎቁ ላይ ምሳ ሰዓት ብቻ ሰው የሚያስተናግድ ምግብ ቤት፣ ከትምህርት ውጭ የሚዘጋ የትምህርት ቤት ክፍል። ለባለቤቱ እንዲህ በሉ፦ «ማክሰኞና ሐሙስ ከ2 እስከ 6 ሰዓት አሥር ሰው እናመጣለን፤ እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር ይገዛል፤ መብራቱን የሚጠቀመው ላፕቶፕ ብቻ ነው።» በአንድ ገጽ ጻፉትና ሁለታችሁም ፈርሙ። በቃል ከቀረ በሦስተኛው ሳምንት «ዛሬ እንግዳ አለብን» ይመጣል።

በእያንዳንዱ ቀን ይህንን ተከተሉ፦

1. ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ከሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ይድረስ። ሶኬቶቹን ይፈትሽ፣ ማከፋፈያ ይዘርጋ።
2. የመጣውን ሰው ስምና የመጣበትን ሰዓት ደብተሩ ላይ ጻፉ።
3. አዲስ ሰው ከመጣ ሙያው ከእርሱ ከተለየ ሰው አጠገብ አስቀምጡት። ይህንን ለዕድል አትተዉት።
4. በ4 ሰዓት ለሃያ ደቂቃ ሻይ። በዚያ ጊዜ ላፕቶፕ ይዘጋ።
5. ከመለያየታችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰው ዛሬ የጨረሰውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ንግግር አይደለም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር።

ሦስተኛውን መመሪያ ሰዎች ይዘሉታል፤ ስለዚህ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ወጣት ግራፊክስ ሠሪ ለመድኃኒት መደብር ባለ ሦስት ቋንቋ ሰሌዳ እየሠራ ነበር፤ ከጎኑ የሶማሊኛ ተርጓሚ ተቀምጣለች። ሻይዋን ይዛ ስታልፍ ማያውን ዓየችና «አንድ አናባቢ ጎድሎሃል» አለችው። በሶማሊኛ ረጅም ድምፅ በሁለት አናባቢ ነው የሚጻፈው፤ አፋን ኦሮሞም እንደዚሁ። አንዷን ስትጥል ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል፣ ወይም ምንም አይሆንም። ልጁ ፋይሉን በዚያ ሳምንት ወደ ማተሚያ ሊልከው ነበር፤ ታትሞ ቢሆን ማስተካከያው ከኪሱ ነበር የሚወጣው። ከዚያ ወዲህ ባለ ሦስት ቋንቋ ሥራ ሲቀበል የእርሷን ክፍያ በዋጋው ውስጥ አስገብቶ ይጠይቃል። እኔ ማኅበረሰብ የምለው ይህንን ነው። ሶፋና ግድግዳ ላይ የተጻፈ የማበረታቻ ጥቅስ አልልም።

ሰው እየቀነሰ ከሄደ፦ በአምስተኛው ሳምንት ደብተሩን ክፈቱ። ስድስት ያህል ሰዎች ሳያቋርጡ ከመጡ ደህና ናችሁ። ሌላው ይምጣ ይቅር፣ ስብስቡ እነዚህ ስድስቱ ናቸው። ስድስት ከሌሉ የቀሩትን ሦስት ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ለምን እንደቀሩ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከሥራው ጋር አይገናኝም፤ «ሰዉ ይተዋወቃል፣ እኔ ብቻዬን ነበርኩ» ይሏችኋል። ያ የእናንተ የመቀመጫ አደላደል ጥፋት ነው፤ አስተካክሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ነፃ ዋይፋይ አለ የሚል ወሬ አታስወጡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ፊልም ሊያወርዱ የመጡ ተማሪዎች ክፍሉን ይሞሉታል፤ ሠራተኛው ይሸሻል፤ ባለቤቱም ያባርራችኋል።

ደረጃ 4፦ ከቤቱ በፊት ገንዘቡን ሰብስቡ

«እመጣለሁ» እና «ከፈልኩ» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስምንቱ ሳምንት ሲያልቅ የሁለት ወር መዋጮ አስቀድሞ የሚከፍል ሰው ብቻ አባል ነው በሉ። ይህንን ለማስረዳት አዲስ ቋንቋ አትፈልጉ፤ እቁብ የማያውቅ የለም። የእቁብን ሥርዓት እንዳለ ውሰዱት፦ ዳኛ፣ ፀሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ገንዘብ ያዡ ከሦስቱ አስተባባሪዎች አንዱ አይሁን።

በባንክ ሁለት ፈራሚ ያለው ሒሳብ ክፈቱ። መዋጮ በአንድ ሰው የግል ቴሌብር አይሰብሰብ። ሰውየው ሌባ ስለሆነ አይደለም። ወንድሙ ሲታመም ያንን ገንዘብ «ነገ እመልሰዋለሁ» ብሎ ያወጣዋል፤ ነገም አይደርስም፤ ገንዘቡም ጓደኝነቱም ይሄዳል።

ቤቱ በአራት ወር ውስጥ ካልተከራየ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ በደረሰኙ ላይ ጻፉ። ይህች አንዲት መስመር ተጠራጣሪውን ታሳምናለች።

ከፋዩ ጥቂት ከሆነ፦ ኪራይን እርሱት፣ ደረጃ 3ን በሳምንት ከሁለት ቀን ወደ አራት ቀን አሳድጉት። «ቤቱ ሲከፈት ይከፍላሉ» የሚል አስተባባሪ ካለ የመጀመሪያውን ስድስት ወር ኪራይ እርሱ በግሉ እንዲፈርም ጠይቁት። ክርክሩ ያኔውኑ ያልቃል።

ደረጃ 5፦ ሒሳቡን በአንድ ገጽ ሥሩ

ይህ ቁጥር ለማሳያ ብቻ ነው፤ የራሳችሁን ተኩበት።

- ኪራይ 25,000 ብር
- ኢንተርኔት 3,000 ብር
- መብራትና ውኃ 3,000 ብር
- ጽዳትና ጥበቃ 6,000 ብር
- ለጥገና የሚቀመጥ 3,000 ብር

ድምር 40,000 ብር በወር። መዋጮው 2,500 ብር ከሆነ 16 ከፋይ ያስፈልጋል። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፣ «16 አገኘን» ይላሉ፣ ይጀምራሉ። ስህተት ነው። ቤቱ መቆም ያለበት ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ብቻ በከፈለበት ወር ነው፤ ሠርግ የሚሄድ፣ ደንበኛ ያልከፈለው፣ የታመመ ሁልጊዜ አለ። ስለዚህ 16 ሳይሆን 24 አባል ፈልጉ። ካልተገኘ አነስ ያለ ቤት ያዙ። ሃያ አራቱም በአንድ ጊዜ አይመጡም፤ ጠዋትና ማታ ስለሚከፋፈሉ አሥራ አራት ያህል ጥሩ ወንበር ይበቃል።

ክፍያውን በሦስት ዓይነት ወስኑ፦ ሙሉ ወር፣ ጠዋት ብቻ ወይም ማታ ብቻ፣ የአንድ ቀን። ከዚያ በላይ ዓይነት አትጨምሩ፤ ገንዘብ ያዡ ያብዳል።

ከውጭ ድርጅት የሚመጣ ድጋፍን በተመለከተ አቋሜን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ለኪራይ አትቀበሉ። ለባትሪ፣ ለጠረጴዛ፣ ለሥልጠና ተቀበሉ። በድጋፍ የሚከፈል ኪራይ ድጋፉ ያለቀ ዕለት ቤቱን ይዘጋዋል፤ አባላቱም መክፈል አልለመዱም።

ደረጃ 6፦ ቤቱን ምረጡ፣ ውሉን ፈርሙ

ቤቱን ማየት ያለባችሁ ሁለት ጊዜ ነው፦ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ አንዴ። ደላላው ጠዋት ሊያሳያችሁ ይፈልጋል፤ ጠዋት ድሬዳዋ ውስጥ ሁሉም ቤት ጥሩ ነው።

በቀኑ ጉብኝት ጣሪያውን ተመልከቱ። ግድግዳው ወፍራም፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ ሁለት ፊት መስኮት ያለው የከዚራ ሰፈር አሮጌ ቤት ካገኛችሁ ዋጋውን ተከራከሩና ያዙት፤ ደጁ ላይ ዛፍ ካለ የበለጠ። በቆርቆሮ ሥር ያለ ዝቅተኛ ክፍል በነፃ ቢሰጣችሁም አትግቡበት። በማታው ጉብኝት ደግሞ ከዋናው መንገድ እስከ በሩ ድረስ በእግራችሁ ሂዱ። መብራት አለ? ባጃጅ ይቆማል? ከሴት አባላት አንዷ አብራችሁ ትሂድ፣ የእርሷ ቃል ይጽና። ከውስጥ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት ከሌለ ቤቱ ውድቅ ነው።

ከደቻቱ ወንዝ ዳር የምድር ቤት አትያዙ። አሸዋው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ሰው ይረሳዋል፤ በሐምሌ 1998 መጨረሻ በአንድ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ውኃው የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው፤ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። ሰው በጊዜ ቢወጣ እንኳ አሥር ኮምፒውተርና ባትሪ አይወጣም።

ውሉ ላይ እነዚህን አስገቡ፦

1. የቤቱ አገልግሎት የሥራ ቦታ መሆኑን በግልጽ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ነው፤ ስለዚህ የኪራይ ጭማሪውን መጠንና ጊዜ ራሳችሁ ውሉ ውስጥ ካልጻፋችሁ አዋጁ አይደርስላችሁም።
2. የመብራት ቆጣሪው ለብቻ መሆኑን። ከአከራዩ ጋር የጋራ ቆጣሪ ማለት በየወሩ ጠብ ነው።
3. ቬንትሌተር፣ ሽቦና ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር መሣሪያ) መትከል እንደምትችሉ፣ ስትወጡም ነቅላችሁ እንደምትወስዱ።
4. ለመልቀቅ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ከሁለቱም ወገን።

ውሉን ውልና ማስረጃ አስመዝግቡ፤ ለንግድ ፈቃድም ይጠየቃል። አባላት ወጪ እየተካፈሉ ከመቀመጥ አልፋችሁ ለውጭ ሰው የቀን ክፍያ መቀበል ከጀመራችሁ ያለ ንግድ ፈቃድና ያለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አንድ ቀን አትሥሩ። እኔ ከወደቅሁበት ቤት ስወጣ አከራዩ የተከልኩትን ቬንትሌተር ሁሉ «የቤቱ ነው» ብሎ አስቀርቶታል፤ ሦስተኛዋ መስመር በዚያ ዋጋ የተገዛች ናት።

ደረጃ 7፦ መብራትና ኢንተርኔት

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሻን አምጡ። የመሬት ሽቦ መኖሩን፣ ብሬከሩ የሚችለውን፣ የአሮጌው ሽቦ ሁኔታ ይመርምር። አንድ ሶኬት ላይ ማከፋፈያ በማከፋፈያ መደርደር የቤት ቃጠሎ መነሻ ነው።

የባትሪውን መጠን በግምት አትግዙ፤ አስሉት። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ በወረቀት 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ ኢንቨርተሩም ከዚያ ላይ ጥቂት ይበላል፤ የሚቀራችሁ 1,000 ገደማ ነው። አሁን ጭነቱን ደምሩ፦ 8 ላፕቶፕ በ50 ዋት 400፣ ሁለት ቬንትሌተር 120፣ ራውተር 12። ድምር 532 ዋት። ሁለት ሰዓት አይሞላም ማለት ነው። ራውተሩን ብቻ ብትተዉለት ግን ያው ባትሪ ከሦስት ቀን በላይ ያቆየዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተል አውጡ፦ ራውተር መጀመሪያ፣ ላፕቶፕ ቀጥሎ፣ ቬንትሌተር በመጨረሻ። ማቀዝቀዣ፣ ምድጃና የውኃ ማፍያ ከባትሪው መስመር ጋር በፍጹም አይገናኙ።

የአሲድ ባትሪ ሙቀት ይጠላል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ጥላ ባለበት፣ አየር በሚገባበት፣ ሰው በማይቀመጥበት ቦታ አስቀምጡት፤ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ አጠገቡ ሲጋራም ከሰልም አይቅረብ። ጄኔሬተር ካላችሁ ከቤት ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይቁም። ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው ጋዝ ይገድላል።

ለኢንተርኔት ሁለት የተለያዩ መስመሮች ያዙ። ከኢትዮ ቴሌኮም ቋሚ መስመር፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ የሳፋሪኮም ሲም። ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ የአገልግሎት ሙከራውን የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ በነሐሴ 2014፤ አማራጩ ደጃችሁ ላይ ነው። የቤቱን ውል ከመፈረማችሁ በፊት በምትከራዩት ክፍል ውስጥ ቆማችሁ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 10፡30 እና ማታ 2 ሰዓት ላይ ፍጥነቱን ለኩ። ማውረጃውን ብቻ ሳይሆን መላኪያውን ጻፉ፤ ቪዲዮ አቀናባሪና ፎቶ አንሺ የሚሰቃዩት በመላኪያው ነው። ለአንድ ጥሩ የቪዲዮ ስብሰባ በሁለቱም አቅጣጫ 3 ሜጋ ቢት በሰከንድ ያህል አስቡ።

ኢንተርኔቱ ድንገት ከተንቀራፈፈ፦

1. ለድርጅቱ ከመደወላችሁ በፊት ሁሉም ስልኩን ከዋይፋይ ያውጣ። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ፎቶውን በስውር የሚጭን ስልክ ነው።
2. ካልተሻለ አንድ ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙና ለኩ። በኬብል ጥሩ ከሆነ ችግሩ ዋይፋዩ ነው፤ ራውተሩን ከፍ አድርጋችሁ ክፍሉ መሐል ስቀሉት።
3. በኬብልም ካልሆነ ወደ መጠባበቂያው ቀይሩ፤ ያን ጊዜ ደውሉ።

ለእንግዳ የተለየ የይለፍ ቃል ይኑር፤ የአንድ መሣሪያ ፍጥነትም ይገደብ። ጀጎል ውስጥ ለምትሠሩ ሐረሮች፦ የድንጋይ ግድግዳው ዋይፋይ ይውጣል፣ 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ በተለይ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ኬብል ጎትታችሁ ማሰራጫ አስቀምጡ። ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ግን ቅርስ የሚጠብቀውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው።

ስለ ቡና አንድ ቃል፦ ማሽን አትግዙ። የድሬዳዋ ውኃ ኖራው ብዙ ነው፣ በጥቂት ወራት ይደፍነዋል። ጀበና ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ደንብና መዝገብ

ደንቡ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በሦስቱም ቋንቋ ይለጠፍ። ስልክ ውጭ ይነገር። ድምፅ ያለው ሥራ፣ የስፌት መኪናም ቢሆን፣ ለብቻው ክፍል ይኑረው፤ ሐረር መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ መሆኑን አስታውሱ። ሴት አባል ስለ ትንኮሳ ካመለከተች ዳኛውና አንዲት ሴት አባል በሁለት ቀን ውስጥ ይወስኑ፤ ተከሳሹ እስከዚያ አይግባ።

ጫት ቤቱ ውስጥ አይገባም በሉ። የሥነ ምግባር ስብከት እያደረግሁ አይደለም፤ የሚቅም አባል ይኖራችኋል፣ ጥሩ ሠራተኛም ይሆናል። ግን አንድ ቀን ከተፈቀደ በሳምንቱ ፍራሽ ይመጣል፣ በወሩ ቤቱ በርጫ ቤት ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ያስታረቀ አላየሁም።

መዝገቡ በር ላይ ይቀመጥ። ማን ከፈተ፣ ማን ዘጋ፣ ስንት ሰው መጣ፣ ምን ተበላሸ፤ በየቀኑ አራት ነገር። ከፋች በሳምንት ይለዋወጥ።

አባል መዋጮ ካቆመ፦ በአምስተኛው ቀን ፀሐፊው ለብቻው ይንገረው፣ በቡድኑ ቴሌግራም ላይ አይጻፍበት። በሃያኛው ቀን ዳኛው ያነጋግረው፤ ችግር ካለበት ለአንድ ወር በሥራ ይክፈል፦ ይክፈት፣ መዝገብ ይያዝ። ሁለተኛ ወር ከደገመ ወንበሩ ለተጠባባቂ ይሰጥ። በጓደኝነት አትለፉት፤ የሚከፍሉት ያያሉ።

ደረጃ 9፦ ያላለቀ ሥራ ማሳያ ምሽት

በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከ12 ሰዓት ጀምሮ። በአንድ ምሽት ሦስት ሰው፣ ለአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ። ያለቀ ሥራ አይቀርብም፤ ለጭብጨባ ይሆናል። አቅራቢው የተቸገረበትን አንድ ጥያቄ ይዞ ይምጣ። ሌላው ለዚያ ጥያቄ ብቻ ይመልስ። የድሬ ሰው ቀልድ ይወዳል፣ ልብ የሚሰብርም ያውቃል፤ ስለዚህ ቀልዱ ከሻይ በኋላ ይሁን በሉ። ሳቅ አይቀርም፤ ብቻ ሥራውን ያሳየው ልጅ አንድ ጠቃሚ ነገር ከሰማ በኋላ ይሳቅበት።

ሥራ መቀባበል የጠብ ምንጭ ስለሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ። የእኔ ምክር፦ ደንበኛውን ያመጣው ሰው ከመጀመሪያው ሥራ ብቻ 10 ከመቶ ይውሰድ፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ምንም። በወረቀት ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ደንበኛው ሳይከፍል ከቀረ ኪሳራው የሠራው ሰው ብቻ እንዳይሆን፣ ከግማሽ ቅድሚያ ክፍያ በፊት ሥራ አለመጀመርን የቤቱ ልማድ አድርጉት። አንድ ሰው ብቻውን ሲጠይቅ ደንበኛው ይቆጣል፤ ሃያ አራት ሰው ሲጠይቅ የከተማው ዋጋ ይሆናል።

ደረጃ 10፦ ቁልፉን ሰጥታችሁ ውጡ

በስድስተኛው ወር ሦስቱ አስተባባሪዎች ቁልፉን፣ የባንኩን ፊርማና መዝገቡን ለሌሎች አስረክቡ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ቤቱን አትርገጡ፣ ስልክም አትደውሉ። ስትመለሱ ሰላምታ ከመስጠታችሁ በፊት በር ላይ ቆማችሁ መዝገቡን ግለጡ። ቀኑ የተዘለለበት ገጽ ካለ የከፋቾቹን ስም ቁጠሩ፤ ሁለት ሰው ብቻ ሲፈራረቅ ካገኛችሁ ወደ ደረጃ 8 ተመለሱና ተራውን እንደገና አውጡ።